አሥራ ሁለት ቀን ያለ ሹፌር

ጉዲሳን የቀበርኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በውሃ ቧንቧውና በጥብስ ቅጠሉ መካከል ነው። ቁመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነበር። ሰማያዊ ኮፍያ አድርጎ ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል፤ አፈሩን ስመልስበትም እጁ እንደተዘረጋ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያደረግሁት ነገር ከትንሽ ስርቆት የሚያልፍ አልመሰለኝም።

ያኔ ገርጂ ውስጥ፣ ከኢምፔሪያል ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ሙነወር ሚኒባስ ይነዳል። እናቴ ዘሃራ በራችን ላይ ባስቀመጠችው የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሁለቱም ከወሎ የመጡት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ ስለዚህ አገርሽ የት ነው ስባል ደሴ ማለት እንዳለብኝ ባውቅም በልቤ የማስበው ያንን ግቢ ነበር። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እናቴም ስፌቷን ሳታቆም በአንድ እጇ ያዝ ታደርጋቸዋለች።

አከራዮቻችን ጋሽ ረጋሳና እትዬ እልፍነሽ ይባሉ ነበር። ጋሽ ረጋሳ አናጢ ናቸው። የተወለዱት አያት አካባቢ፣ ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት መሬት ገና የጤፍ ማሳ ሳለ ነው። በርና አልጋ ይሠራሉ፤ ሰው ሲሞት ለእድሩ የሬሳ ሳጥን የሚሠሩትም እሳቸው ነበሩ። ያላቸው አንድ ልጅ ጉዲሳ ነው፤ እሱም የባቡር ትምህርት ሊማር ቻይና ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በዚያን ጊዜ የከተማው ባቡር ምሰሶዎች ገና እየቆሙ ስለነበር ሰፈራችን ከባቡር ሌላ ወሬ አልነበረውም። የጉዲሳ አባት መባል ቀላል ነገር አልነበረም።

ጋሽ ረጋሳ ራሳቸው በሕይወታቸው ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። "ልጄ የሚያወራው ካልገባኝ በስልክ ምን ልንባባል ነው? ደህና ነህ ወይ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ?" ይሉ ነበር። ስለዚህ እሳቸውም ጀመሩ። ጉዲሳ ለእረፍት በሚመጣ ጓደኛው እጅ አንድ ካርቶን ላከላቸው፤ ውስጡ ትንሽ የባቡር ራስ፣ አራት ፉርጎ፣ ቁርጥራጭ ሐዲድና ትራንስፎርመር ነበረበት። የቀረውን በእጃቸው ሠሩት። ከጉዲሳ መኝታ ቤት አልጋውን አውጥተው የሁለት በር ስፋት ያለው ጠረጴዛ ገጠሙ፤ ጠረጴዛው ላይ አባታቸው ያረሱትን መንደር አነጠፉት። ማሳው አረንጓዴ ቀለም የጠጣ ሰጋቱራ ነው። አጥሩ የመጥረጊያ ጭራሮ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሰርዲን ጣሳ፣ ወንዙ የመስታወት ስባሪ። በመሀሉ ሐዲዱ ይዞራል። በዚያ መንደር ባቡር አልፎ አያውቅም፤ መንደሩም አሁን የለም። ጋሽ ረጋሳ ግን ሁለቱን አገናኟቸው።

ባቡሩ ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ስለሚያንስ ሁሉም ነገር ለሰማንያ ሰባት መካፈል አለበት ብሎ በስልክ የነገራቸው ጉዲሳ ነው። ይህችን ቁጥር እንደ ጸሎት ያዟት። ያገኙትን ሁሉ በሜትር ይለኩና ጆሯቸው ላይ የሰኳትን እርሳስ አውርደው ያካፍላሉ። እኔንም የክፍሉ መቃን ላይ አስደግፈው ለኩኝ።

"አንድ ሜትር ከሠላሳ። አንድ ሴንቲ ተኩል ትሆኛለሽ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ደስ ሲላቸው በኦሮምኛ ይጠሩኝ ነበር።

ሰዎቹን ከወይራ ጭራሮ በምላጭ እየቀረጹ በጥፍር ቀለም ይቀቧቸዋል። እትዬ እልፍነሽ ጥፍራቸውን ተቀብተው አያውቁም፤ ቀለሙን ከሱቅ የሚገዙት ራሳቸው ጋሽ ረጋሳ ናቸው፤ ባለሱቁም በየጊዜው "ዛሬስ የትኛው ያምርብዎታል?" እያለ ይስቅባቸው ነበር። ጉዲሳን ሠርተው የባቡሩ ራስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡት። እኔን ቀይ ቀሚስ አልብሰው ጣቢያው ላይ አቆሙኝ።

ከሥራ ሲመለሱ እጃቸውን ይታጠቡና ትራንስፎርመሩን ይሰካሉ። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ባቡሩ ጣቢያው ሲደርስ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው "አያት! አያት! ወራጅ አለ?" ይላሉ። ይህን ያስተማራቸው አባቴ ነው። እኔም እንደ ተሳፋሪ "የለም፣ ይሂድ!" እላለሁ፤ ይሄዳል። ልጅቷ ግን ጣቢያው ላይ ትቀራለች። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ያበሽቀኝ ጀመር። ጉዲሳ ሁልጊዜ ይነዳል፤ እኔ ሁልጊዜ እጠብቃለሁ።

ለዚህ ነው ያን ቅዳሜ፣ ሁለቱም ሲወጡ ጠብቄ የገባሁት። የባቡሩ ጣሪያ ክዳን ነው፤ ይነሳል። ጉዲሳ በትንሽ ኮላ ተይዞ ነበር፤ በጥፍሬ ሳነሳው ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። ራሴን ከጣቢያው አንስቼ እሱ ቦታ ላስቀምጥ ስል የግቢው በር ተንኳኳ። ክዳኑን መለስኩና ጉዲሳን በጭብጤ ይዤ ወጣሁ። እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ እትዬ እልፍነሽ ግን በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይዘው ተቀመጡ። እናቴም ልብስ ልትለካኝ ትጠራኛለች። ቀሚሴ ኪስ የለውም። ስለዚህ ቀበርኩት።

አሁን የማውቀውን አሁን ልናገር፤ ያኔ ልጅቷ አታውቀውም ነበር። ጉዲሳ የሞተው አርብ ነው፣ እኔ እዚያ ክፍል ከመግባቴ አንድ ቀን በፊት። ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ቀኑን ያነበብኩት አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ ነው፤ አንብቤ እዚያው ቁጭ አልኩ። እስከዚያ ድረስ ለስድስት ዓመት የገደልኩት እኔ ነበርኩ።

እሁድ፣ ጉዲሳ ሁልጊዜ በሚደውልበት ሰዓት፣ ስልኩ አልጮኸም። "ኔትወርክ ነው" አሉ ጋሽ ረጋሳ። ሊመሽ ሲል ግን የአባቴ ስልክ ጮኸ። አባቴ እያወራ ከግቢ ወጣ፤ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆመ። እናቴ የስፌት መኪናዋን ጎማ በመዳፏ ያዘች።

"ሀጀር፣ ውጪ ተጫወቺ" አለኝ።

በመሸ ሰዓት ውጪ ተጫወቺ ተብዬ አላውቅም። ከመስኮቱ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

"እነሱ አሁን መስማት የለባቸውም" ይላል አባቴ። "ለአቶ አረጋዊ ልነግረው ነው። እሱ ይወስን።"

"ልጅቷስ?"

"ከዚያ ክፍል አርቂያት። የልጅ ነገር፣ ፊቷ ይናገርባታል።"

"ያ ረቢ፣ በምን ፊታችን ነው እዚህ ግቢ የምንኖረው?" አለች እናቴ፤ አለቀሰችም።

አቶ አረጋዊ የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው። እኔ ግን የማውቃቸው ባለፈው ዓመት ከጎናችን የነበረው ተከራይ ሲባረር መሀል የገቡት ሰውዬ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ስርቆቴ ታውቋል። አባቴ ለአከራዮቹ ከመነገሩ በፊት ሽማግሌ ሊይዝ ነው። ከዚያ ፍራሻችንና የእናቴ የስፌት መኪና በአይሱዙ ይጫናል፤ ሁሉም በእኔ ምክንያት ነው።

የጉዲሳ ጓደኞች ወደ አባቴ የደወሉት ለወላጆቹ በስልክ መርዶ ስለማይነገር ነው። እድሩም አስከሬኑ ቦሌ እስኪገባ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ወሰነ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሰፈር ይታወቃል፤ ሰዉ ሁሉ ያውቅና ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ ይሰነብታል። ሁለት ሳምንት ያህል ግቢው በሙሉ ለሁለት ሰዎች ሲባል ትንፋሹን ዋጠ። ለእኔ የተዋጠ ነበር የሚመስለኝ።

ሁሉም ሰው ደግ ሆነ። ያስፈራኝ ይህ ነው። አባቴ በአዘቦት ቀን ማንጎ ገዝቶልኝ ገባ። ጎረቤቶች ጨው ወይ ክብሪት ሊዋሱ ይመጡና ለእትዬ እልፍነሽ የማይሆን ሳቅ ስቀው፣ የመጡበትን ሳይወስዱ ይወጣሉ። እናቴ እየሰፋች ታለቅሳለች፤ የአንዱን ተማሪ እጅጌ በአንገቱ በኩል ገጥማ ለግማሽ ቀን አላየችውም። ረቡዕ ዕለት እትዬ እልፍነሽ በራችን ድረስ መጡ።

"ሙነወር፣ ልጄ አልደወለልኝም። እስቲ ባንተ ስልክ ሞክርልኝ።"

አባቴ ስልኩን አወጣ። ከአጠገቡ ነበርኩ፤ ምንም ቁጥር አልነካም። ጆሮው ላይ አድርጎ ጠበቀ።

"አይሠራም እትዬ" አለ። "መስመሩ ነው።"

እትዬ እልፍነሽ ለረጅም ጊዜ አዩት። "እሺ፣ ተባረክ" ብለው ሄዱ። አባቴ ሲዋሽ ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለእኔ ሲል የዋሸ ስለመሰለኝ በጣም አፈርኩ።

ወደዚያ ክፍል እንዳልሄድ ብከለከልም የክፍሉ መስኮት በቧንቧው በኩል ነው። ጆግ ይዤ ውሃ የምቀዳ እየመሰልኩ አያለሁ። ጋሽ ረጋሳ አሁን ከሥራ የሚመለሱት አምሽተው ነው። ልብሳቸው እንደ ወትሮው የርካሽ ጣውላ ሳይሆን የጽድ ሽታ አለው፤ ሲያልፉ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። እጃቸውን ሳይታጠቡ ይገቡና ባቡሩን ያስነሳሉ። "አያት" አይሉም። "ወራጅ አለ" አይሉም። ይልቅ እትዬ እልፍነሽ፣ ያንን ባቡር ቆመው አይተውት የማያውቁት ሴት፣ በርጩማ ይዘው ይገቡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ባቡሩ ይዞራል። በመስታወቱ ወንዝ ላይ ያልፋል፣ በማሳው ያልፋል፣ በሰርዲኑ ቤተ ክርስቲያን ያልፋል። የሹፌሩ መስኮት ባዶ ነው። ሁለቱም ያንን ባዶ መስኮት በዓይናቸው ይከተላሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም።

ለምንድነው የት ሄደ የማይሉት? ቢጮኹ፣ ቢቆጡ፣ ሰው ቢጠይቁ እፎይ እል ነበር። ዝም ብለው ባዶውን ያዞሩታል። እየጠበቁኝ ነው አልኩ። እስክናገር ድረስ እንዲሁ ሊያዞሩት ነው።

አንድ ቀን እየዞረ ሳለ መብራት ጠፋ። ባቡሩ ጣቢያው ላይ፣ ልክ ከቀይ ቀሚሷ ልጅ ፊት ለፊት ቆመ። ክፍሉ ጨለምለም ብሏል። ሻማ እንኳ ለማብራት የተነሳ የለም፤ ሁለቱም እንደተቀመጡ ቀሩ። እኔም ከመስኮቱ መራቅ አቃተኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም መብራቱ መጣ፤ ባቡሩም ማንም ሳይነካው ሄደ።

"ሄደ" አሉ እትዬ እልፍነሽ።

"ሄደ" አሉ ጋሽ ረጋሳ።

ጆጉን ጥዬ ሮጥኩ።

ከዚያ የባሰው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ጋሽ ረጋሳ ሥራ ቦታ፣ እትዬ እልፍነሽ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ትራንስፎርመሩ እንደተሰካ ቀርቶ ኖሮ፣ ጠፍቶ ያደረው መብራት ሲመጣ ከተቆለፈው ቤት ውስጥ የባቡሩ ድምፅ ተነሳ። ሲዞር ይሰማናል። ሐዲዱ የሚጋጠምበት ቦታ ሲደርስ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ይርቃል፤ ይመለሳል። እናቴ ስፌቷን አቆመች።

"አዑዙ ቢላሂ" አለች፤ ሳበችኝና ጆሮዬን በሁለት እጇ ደፈነችው። ትልቅ ሰው እንደሚፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጉዲሳን አውጥቼ ልመልሰው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። እትዬ እልፍነሽ ግን ከቧንቧው አይጠፉም። የጉዲሳን ሸሚዞች ከሻንጣ አውጥተው ያጥባሉ፤ የደረቀውን አውርደው እንደገና ያጥባሉ። አንድ ቀን ከአጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ የሳሙናው ውሃ ወደ ጥብስ ቅጠሉ ሥር፣ ወደ እሱ ሲፈስ አየሁ።

"ለምንድነው የሚያጥቡት?" አልኳቸው።

"ሲመጣ ንጹሕ እንዲለብስ።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"እየመጣ ነው" አሉኝ፤ ሸሚዙን ጨምቀው በጣም በቀስታ አረገፉት። ጉዲሳ መጥቶ ራሱን ሲያጣው ታየኝ። ያን ዕለት ራት አልበላሁም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በግቢው የብዙ እግር ኮቴ ነቃሁ። በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ አርባ ያህል ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ አንድም የሚያወራ የለም። አቶ አረጋዊ ከፊት ናቸው፤ ከጎናቸው አንድ ቄስ አሉ። አባቴም ለባብሶ መሀላቸው ቆሟል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ ዛሬ የያዛቸው ሰው አልነበረም።

እናቴ ሻሿን እያሰረች "ከቤት እንዳትወጪ" አለችኝ።

አርባ ሰው ለአንድ ልጅ። እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። በማልቀስ የሚሆን ነገር አልመሰለኝም። ማንኪያ ይዤ በእናቴ ብብት ሥር ሾልኬ ወጣሁና ቧንቧው ጋ ቆፈርኩ። አገኘሁት። ፊቱ ላይ የነበረው ቀለም በእርጥበቱ ለቋል፤ ዓይንም አፍም አልቀረውም። እጁ ግን እንደተዘረጋ ነው። በሰዎቹ እግር መሀል እየተሹለከለክሁ በረንዳው ላይ ስወጣ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ጋሽ ረጋሳ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ጫማቸው ተወልውሏል። በዚያ ማለዳ።

"ጋሼ" አልኳቸው፤ መዳፌን ዘረጋሁ። "ጉዲሳን የቀበርኩት እኔ ነኝ። አባቴ አያውቅም። ከቤት አያስወጡን።"

ከኋላዬ አንዲት ሴት እሪ ማለት ጀመረች፤ አፏን አፈኗት። ሌላ የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ጋሽ ረጋሳ በርከክ ብለው ከመዳፌ ላይ አነሱት። ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉለት።

"የት ነበር?" አሉኝ።

"ቧንቧው ጋ።"

"ብርድ ነው እዚያ" አሉ።

ከዚያ ዞረው ወደ ቤት ውስጥ አዩ። እትዬ እልፍነሽ ጥቁር ለብሰው ከኋላቸው ቆመው ነበር። ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ሲተያዩ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ረጋሳ ተነስተው በግቢው ለቆመው ሰው "ግቡ" አሉ። "እናውቃለን።"

ያን ጊዜ ለቅሶው ፈነዳ። አባቴ አንስቶ ወደ ቤታችን ወሰደኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ፍራሹ ላይ አስቀምጦኝ "ምን አደረግሽ፣ ሀጀር?" አለና አብሮኝ አለቀሰ። ጉዲሳ መሞቱን የሰማሁት ከውጪ፣ ከአልቃሾቹ አፍ ነው። በሰፈሩ ለብዙ ጊዜ መርዶውን ያፈረሰችው ልጅ ነበርኩ። የሚጠቁሙብኝ አላወቁም እንጂ እኔ በልቤ የተናዘዝኩት ከዚያ የከፋ ነበር።

ጋሽ ረጋሳ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩኝም። ግን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ይጠሩኝ ነበር። "ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ" ይሉና መቃኑ ላይ አስደግፈው ሜትራቸውን ይዘረጋሉ፤ በእርሳስ ያሰምራሉ፤ ያካፍላሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። የሬሳ ሳጥን የሚሠሩ ሰው መሆናቸውን አትርሱ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚለኩኝ ለሳጥን መስሎኝ ነበር። በጉዲሳ ፈንታ የምሄድበት ቀን አለ፤ እሳቸውም ያውቁታል፤ ሳጥኑ እንዳይጠበኝ ከወዲሁ ይለካሉ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በየመስከረሙ ሄጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ይገባኛል ብዬ።

ጋሽ ረጋሳ ያረፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። እኔን ለሚያክል ሳጥን የወጣ ጣውላ አልነበረም። ግቢውም ለመንገድ ተነሳ፤ እትዬ እልፍነሽ አያት ገቡ፣ ባላቸው በተወለዱበት መሬት ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባለፈው ወር ደወሉልኝ። "የጋሼሽን ባቡር ማን እንደሚረከበኝ አላውቅም። መጥተሽ እይልኝ" አሉ። ከምሠራበት ፋርማሲ ፈቃድ ጠይቄ ጉርድ ሾላ ላይ ባቡር ተሳፈርኩ።

ጠረጴዛው ሳሎኑን ግማሽ ይዞታል። ሰጋቱራው ደብዝዟል። ሻይ ከቀዱልኝ በኋላ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኝ፣ ለዓመታት የያዝኩትን ተናገርኩ፤ መርዶውን በዚያ መልክ በማድረሴ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው።

"አንቺ ምን አደረስሽ?" አሉ። "እኛ ሰኞውን አውቀናል።"

አልገባኝም።

"ቅዳሜና እሁድ መብራት ስላልነበረ ባቡሩን ያስነሳው የለም። እሁድ ሳይደውል ቀረ። ሰኞ ጠዋት አቧራ ልጠርግ ስገባ ሹፌሩ የለም። ጋሼሽ ነው ያወጣው አልኩ። አንድ ነገር ሰምቷል፣ ልጁ ሲዞር ማየት አልቻለም፣ ለእኔም መናገር አልቻለም አልኩ። ዝም አልኩለት።" ስኳሩን አማሰሉ። "እሱ ደግሞ ማታ ገብቶ ባዶውን ሲያየው እኔ ያወጣሁት መሰለው። ዝም አለልኝ። አባትሽ ያልደወለበትን ስልክ ጆሮው ላይ ሲይዝ አይቼዋለሁ። አዘንኩለት።"

"አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ? ሳትነጋገሩ?"

"እሱ እንዳይሰበር እኔ፣ እኔ እንዳልሰበር እሱ። ያን ሌሊት የሰዉን ኮቴ ሰምተን ሳንነጋገር ተነሳን። እሱ ጥቁሩን ኮት አወጣ፤ እኔ ጥቁሬን። ከዚያ አንቺ መጣሽ። ሹፌሩን ያወጣነው ሁለታችንም እንዳልሆንን የሰማነው ካንቺ ነው።"

ስድስት ዓመት የተሸከምኩት አንዱ በደል ቀደም ብሎ ወርዶልኝ ነበር፤ ሁለተኛውም አሁን ወረደ። በቦታው ግን ሌላ ሲገባ ተሰማኝ።

"እኔ ባልወስደው ኖሮ አሥራ ሁለት ቀን በተስፋ ትኖሩ ነበር" አልኳቸው።

እትዬ እልፍነሽ የማጽናኛ ቃል አልፈለጉም። "አዎ" አሉ። "አሥራ ሁለት ቀን ወስደሽብናል። አስቤዋለሁ፤ አንዳንዴ ተቆጥቼሽም አውቃለሁ።" ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ግን ሸሚዞቹን አጠብኩለት። ጋሼሽም ሳጥኑን ሠራለት። ማታ ሲገባ ጽድ ይሸተኝ ነበር፤ የጽድ በር ያዘዘው ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ልጄ ከውጪ በመጣበት የቆርቆሮ ሳጥን አልተቀበረም። በአባቱ ሳጥን ነው የተቀበረው፣ በእኔ ሸሚዝ። ያንቺንም ጉዲሳ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተለት።"

ተነስተው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ተከተልኳቸው። ጣቢያው ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አልነበረችም።

"ከቀብር መልስ አንድ ነገር ተናገረ" አሉ። "በዚህ ቤት ያለ ሹፌር የሚዞር ባቡር ዳግመኛ አላይም አለ።"

የባቡሩን ክዳን አነሱ። ሹፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ቀይ ሻሽ አስራ ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘርግታለች። ሜትር አያስፈልገኝም፤ የእኔ አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት ለሰማንያ ሰባት ሲካፈል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እትዬ እልፍነሽ ከመሳቢያው አንድ የክብሪት ሳጥን አውጥተው ሰጡኝ። ውስጡ ዘጠኝ ሀጀር ተጋድመዋል፣ ከአንድ ሴንቲ ተኩል ጀምሮ እያደጉ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እኩል ናቸው። በየመስከረሙ አንዷ ስትወርድ አንዷ ገብታለች። እኔ ሞቴን ቀጥ ብዬ ስጠብቅ ስነዳ ነው የኖርኩት።

"ስኪው" አሉኝ።

ሰካሁት። ባቡሩ ተንገራገጨና ሄደ፤ በመስታወቱ ወንዝ ላይ አለፈ፣ በማሳው አለፈ፣ ሐዲዱ የሚጋጠምበት ቦታ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አለ። የሹፌሩን መስኮት በዓይኔ ተከተልኩ፤ እሳቸውም ይከተላሉ። ጣቢያው ጋ ሲደርስ እትዬ እልፍነሽ፣ ድምፃቸውን እንደ ባላቸው ወፈር አድርገው፣ "አያት! ወራጅ አለ?" አሉ።

አንድ ዙር አለፈኝ። ተመልሶ ሲመጣ፣ "የለም፣ ይሂድ" አልኳቸው።